እግር ያወጣ ጎጆ

ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ማዶ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣
ቆሞ አገኘሁት፣ ዝገትና ሰማያዊ ቀለም ደርቦ እንደ ካባ።
«ቤት ነው» አለ ማንያዘዋል፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣
«ሞተር ያለው ቤት ነው እትዬ፣ ከመሬት ጋር ያልታሰረ።»

እኔ ደግሞ ሜትር ይዣለሁ፣ የልብስ ስፌት ሜትሬን፤
ሠላሳ ዓመት ቀሚስ ለክቼ አላሳስትም ቁጥሬን።
ባሌ ሸዋፈራው ውጪ ቆሞ ጎማ በእግሩ ይመታል፤
ሾፌር ቤት ሲገመግም የሚያውቀው ይኼን ብቻ ይመስላል።

ገባሁ።
ደረጃው ሁለት ነው፣ ለእኔ ጉልበት አንድ ይጎድለዋል።
አልጋው ርዝመቱ መቶ ሰባ አምስት፣
ባሌ መቶ ሰማንያ ስድስት።
እግሩ የት ይደር?
«ሰያፍ ይተኛላ» አለ ማንያዘዋል።
እሱ ሰያፍ ከተኛ፣ እኔስ በየት በኩል?

ጠረጴዛው ዝቅ ይላል፣ ይታጠፋል፣ አልጋ ይሆናል፤
እራት ሳይነሳ እንቅልፍ የጣለው ልጅ ወጡ ላይ ይተኛል።
«ለአምስት ሰው ነው» ይለኛል፤ ትራስ ብቆጥር ለሦስት።
ፍሬሕይወት ከነመንታዎቿ ብትመጣ፣ ጣራ ላይ ልትወጣ ነው?
በጥር ውርጭ? በደብረ ብርሃን ሌሊት?

ቡታጋዙ ባለ ሁለት ነው፤ አንደኛው አይተነፍስም።
ሮቶው ሰባ ሊትር፤ ለሰሃን እንጂ ለሰው አይደርስም።
ሽንት ቤቱስ? እሱን ዝም ልበል።
በሩ እንዲዘጋ መጀመሪያ ጉልበት ይታጠፋል።

ጓዳ የለውም።
እዚህ ላይ ሜትሬ ራሱ ተጠቀለለ።
ጓዳ በሌለው ቤት ሴት የምትቆጣው የት ሆና ነው?
ከእሱ ትራስ እስከ እኔ ትራስ
ስልሳ ሳንቲ ነው፣ ከዚያ አያልፍም፤
በስልሳ ሳንቲ ውስጥ የሚቆም ኩርፊያ አላውቅም።

ደግሞስ ጎረቤት? ቤት ሲሄድ ጎረቤቱን የት ያደርሳል?
ጉዶ በረት የተበደርኩትን ጨው ሸዋ ሮቢት ሆኜ ማን ይመልሳል?
የዕድሩ ጥሩምባስ
በስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይሰማኛል?

«ማንያዘዋል» አልኩት፣ «በሩ ሲጠራ መስኮቱ አይመልስም፣
ይኼ ቤትህ እንደ ጀማሪ ግጥም፣ ቤት አይመታም።»
ሳቀና ዋጋ ቀነሰ።
እኔ ስለ ዋጋ አልነበረም።

ልወርድ ስል ባሌ የጋቢናውን በር ከፍቶ ቆሟል።
አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ሠላሳ አንድ ዓመት በደሴ መንገድ ነዳ፤
ጋቢናው ሁልጊዜ የተያዘ ነበር፣
ለእህል ነጋዴ፣ ለመቶ አለቃ፣ አንዴም ለሙሽራ ከነሚዜዋ።
ለእኔ፣ «በሚቀጥለው ጉዞ»።
ጣርማ በርን የማውቃት ከጃኬቱ ነው፣
ጉምና ናፍጣ ከክርኑ ላይ ሳጥብ።

ወጣሁ።
የወንበሩ ስፖንጅ ተቀዶ አፍጥጧል፤ ይኼ በእጄ ያለ ነገር ነው፣ እሰፋዋለሁ።
መስታወቱ ሰፊ።
ከጋራዡ አጥር በላይ አስፋልቱ ታየኝ፣
ወደ ደብረ ሲና የሚያዘቀዝቀው ወገን፤
ሜትሬን ልዘረጋ ብዬ ከየት እንደምጀምር አጣሁ።

ሸዋፈራው ከመሪው ኋላ ገባ፤ ሞተር አላስነሳም።
እጁን ማርሹ ላይ አሳረፈ፣
ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገኘ ጓደኛ ትከሻ ላይ እንደሚያሳርፉት።
እንዲህ ተቀምጦ ለካ ፊቱ ሌላ ነው።

ማንያዘዋል በመስኮት አንገቱን አሰገገ፣
«እና እትዬ፣ ምን አሉ?»

«አልጋው ያጥራል» አልኩት። «ውሃው ያንሳል።
የጓዳውን ነገር ገና እንነጋገራለን።
ይኼ ቀበቶ ግን፣
ይሠራል?»