ይቀጠቅጣሉ ወይ?

ቅዳሜ ሲመጣ፣ መኪናዬን ይዤ፣
አባቴን ከደጁ ከወንበሩ መዝዤ፣
በበቆሎ መሐል፣ ቀጥ ባለው ጎዳና፣
ሽንጥ ፍለጋ ወጣን ዛሬም እንደገና።
እናቴ ከበር ላይ፦ "የሆድ ተሳላሚ ነው፣
ላንድ ቁራሽ ሥጋ ስንቱን ቤንዚን ፈጀው!"

የአሳማ ሽንጥ ነው፤ በመዶሻ ሳስቶ፣
በብስኩት ድቃቂ፣ በሙቅ ዘይት ዋኝቶ፣
ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ዘንበል ብሎ ወጥቶ፣
ዳቦዋን እንደ ቆብ አናቱ ላይ ደፍቶ።
ዳር ዳሩን ሳይጨርስ እዳቦው የሚደርስ የለም ባገሩ፤
ሹካ የጠየቀ ይታወቅበታል፣ ሩቅ ነው መንደሩ።

አባቴ፣ ቨርሊን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
ቄራ ነው የኖረው፣ ከቢላ ጋር፣ ብርድ ቤት፤
በቀን አንድ ሺህ ሽንጥ በመዳፉ አልፎ፣
ራቱ ድንች ነበር፣ ሥጋ ተጸይፎ።
ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት
አምሮት ያዘው፤ እንደ ነፍሰ ጡር፣ በሌሊት።

ደብተር አለው፤ ሰማያዊ፣ ቅባት የነካው፣
በአናጢ ሜትር የእያንዳንዱን ስፋት ለክቶ የጻፈው፤
ቀን፣ ከተማ፣ ዋጋ፣ የሰናፍጩ ዓይነት፣
በስተቀኝ ደግሞ አንዲት ጠባብ ዓምድ፣
"መዶሻ" የሚላት።

ሕጉ ይኼ ነው፦ በር ከፍቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣
ቶሎ አይቀመጥም፤ ይቆማል፣ ወለሉ መሐል፣ ተጠንቅቆ፣
ጆሮውን አቁሞ ወደ ወጥ ቤቱ።
ዷ፣ ዷ፣ ዷ ካለ ይፈካል ፊቱ።
ዝም ካለ፣ "ከካርቶን ነው" ይላል፤ እንወጣለን።
ኮርዊን ላይ አስተናጋጇ ውሃ ቀድታ ሳለ ጥለናት ሄድን፣
እኔ በኀፍረት ሁለት ዶላር ከብርጭቆው ሥር ሸጉጬ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ማሳው ታጭዶ፣
አገዳው ብቻ ቀርቶ፣ ሰማዩ ከብዶ፣
ሦስት ከተማ ዞርን። አንዱ ቤት ለሠርግ ተዘግቷል።
አንዱ ተሽጦ ፀጉር ቤት ሆኗል።
አንዱ ጋ በሩ ላይ በእስክሪብቶ፦ "ልጄ ትግል ይገጥማል፤ ማክሰኞ እንመለሳለን።"
"ያሸንፍ" አለ አባቴ፣ ለወረቀቱ።

አራተኛው መጠጥ ቤት ነበር፣ ከእህል ጎተራው ሥር፣
የአጋዘን ራስ ከፑል ጠረጴዛው በላይ፣
ሦስት ገበሬ ጀርባቸውን ሰጥተው ኳስ ሲያዩ።
አባቴ ቆመ።
ባርኔጣው በእጁ፣ አንገቱ ዘመም ብሎ።
ቆየ።
ቆየ።
የመስሚያ መሣሪያውን ቤት ረስቶታል፤
ረስቶት ከሆነ።
ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፦
"ይቀጠቅጣሉ ወይ?"

የሰማሁት ይኼን ነው፦
የማቀዝቀዣ በር ሲላቀቅ፣
ላስቲክ ሲቀደድ፣
በረዶ የያዘ ነገር ዘይት ሲነካ የሚንጫጫውን።
ሌላ የለም።
"ይቀጠቅጣሉ" አልኩት።
አልበቃኝም። "ሴት ናት መሰለኝ። ክንዷ ኃይለኛ ነው።"

ተቀመጠ።
መጣ፤ ክብ፣ ልክ በብርጭቆ አፍ እንደ ተቆረጠ፣
የሰው እጅ ሠርቶት የማያውቅ ክብ።
አባቴ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሽንጥ በዳሰሰበት ጣት።
አየኝ።
እኔ ሰናፍጩን አየሁ።

በላው። አንዲት ሳያስቀር፤ ፍርፋሪውን ሳይቀር ለቅሞ፣
ኪያሩን ለእኔ ገፍቶ፣ አፉን ጠራርጎ።
ሂሳብ ሲከፍል አስተናጋጇን፣ ሎኔታን፣ ጠጋ ብሎ፦
"ወጥ ቤቷን እጅሽ ይባረክ በይልኝ፤
ዛሬ ማታ ክንዷን ታሳርፈው።"
"የቷ ወጥ ቤት?" አለች ሎኔታ። "ወንድሜ ልጅ ነው ያለው።"
አልሰማትም።
ወይም እንደዚያ አስመሰለ።

መኪና ውስጥ መብራቱን አበራ፣ እርሳሱን በምላሱ አራሰ፣
ጻፈ።
ቤንዚን ለመቅዳት ስንቆም ገልጬ አየሁት፦
ስፋት፦ ስምንት ኢንች ተኩል።
ሰናፍጭ፦ ደህና።
መዶሻ፦ ልጄ ሰምቻለሁ ትላለች።