ነባሪ

ኮምቦልቻ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣ በተከራየሁት ክፍል፣
ለባቲ ከብት ገበያ የሽያጭ መዝገብ ስፈትል፣
«ቋንቋ» የሚለውን መስመር ባዶ ትቼው ኖሯል፤
ባዶ ቤት ግን ባዶ አያድርም፣ ሌላ ሰው ገብቶበታል።
ስሙ «ነባሪ» ነው።
ማን እንዳነበረው አልጠየቅሁም።

ሰኞ፣ ጳጉሜን ስድስት፣ እንድሪስ ሙሄ ጊደር ሸጡ።
«የለም» አለ መዝገቡ፣ «አሥራ ሦስተኛ ወር የለም»፤
ቀኑ ግን ፊቱ ቆሟል፣ ከነፀሐዩ፣ ከነዝንቡ።
በአሥራ ሁለት አታለልኩት።
ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የታሰረው ውል
ሌሊት ሆኖ ታተመ፣ የሌባ ሥራ መሰለ።
ከግርጌውም ምስጋና፦ «ውድ ሙሄ፣ ጊደርዎ ተሸጣለች።»
እንድሪስ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሡት፤
«አባቴን የት አገኛችሁት?» አሉኝ፣
«ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ።»

ከሀፍረቴ ጨው ሻጯ ዘሀራ ጥግ ተጠለልኩ።
አፋሩን በአፋርኛ፣ ኦሮሞውን በኦሮምኛ፣
የአርጎባዋን እናት በአርጎብኛ፣ እኔን በአማርኛ።
«በምን ለየሽን?»
«ምን እለያለሁ! ሰላምታውን እጠብቃለሁ፣
በመጣበት መንገድ እመልሰዋለሁ።»
«ዝም ካለሽስ?»
ከአሞሌው ጠርዝ ስባሪ ፈልጣ
መዳፌ ላይ አኖረች።

ማታ ያን መስመር ፈታሁት።
ወሩን አሥራ ሦስት አደረግሁ፣ ልጁን ከአባቱ ለየሁ፣
ነባሪውን አስነሥቼ ደጃፉ ላይ ጥያቄ አቆምኩ።
ለሚመልስልኝ ሸጋ ነው።
ዝም ለሚለኝ ግን፣
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች፣
እኔም እጠብቃለሁ፤
ኮዴ ጨው የለውም።