የሰሌዳው ላይኛው ግማሽ

ከጥቅምት ወዲህ ቀን የምጽፈው ከሰሌዳው ወገብ ነው።
ልጆቹ ልብ ብለዋል፤ የጠየቀ የለም፤
ከኋላ የሚቀመጠው አትርሳው ብቻ
«ቲቸር፣ ላይኛውን ለማን ቆጠቡት?» አለ።
ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ቀኝ ትከሻዬ አልሳቀም።

ሌሊት ይብሳል።
ጎኔን ስገለብጥ አንድ ሰው ከመገጣጠሚያዬ
የዛገ ምስማር በጉጠት ይስባል፤
ግማሹን ስቦ ይተወዋል።
ነጠላዬን የምታጣፋልኝ ልጄ ናት።
በእህቴ ልጅ ሠርግ፣ ማሲንቆው ሲፋፋም፣
ጎንደሬ ሆኜ ትከሻ ተነፍጌ
ወንበሬን ጠብቄ አመሸሁ።
«ኮራች» አሉ፤ ይበሉ።

የሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ሰው በትከሻ ይተዋወቃል።
አቶ ደምለው፣ የአዘዞ ግንበኛ፣
«አንዲት መርፌ» አለኝ፣ «በሦስተኛው ቀን ጣሪያ ነካሁ!
እስከ ፋሲካ ድንጋይ አነሣሁበት።
ከፋሲካ ወዲያ… ይኸው፣ ካንቺ ጎን።»
እትዬ ጥሩወርቅን ልጃቸው አዲስ አበባ ወስዶ፣
የገዛ ደማቸውን ቀድተው፣ በመኪና አሽከርክረው፣
ብጫውን ለይተው መልሰው ወጓቸው።
«የወይፈን ዋጋ! ሁለት ወር ዝም አለኝ፤
ከዚያ ወዲህ ግን፣ እይው» ብለው
እጃቸውን እስከ ጆሯቸው አነሡ።
ከጆሯቸው አላለፈም፤
ፊታቸው ግን በራ።

ሐኪሙን ሒሳብ አስተምሬዋለሁ።
ስሙ ይበልጣል ነው፤ ክፍልፋይ አይገባውም ነበር።
«ቲቸር» አለኝ፣ «ስቴሮይዱ ፈጥኖ ያበርዳል፤
ስኳርዎን ግን ለቀናት ሽቅብ ይነዳዋል።
የጨው ውኃ አለ፤ የተኮማተረውን ከረጢት
ከውስጥ ገፍቶ ይለጥጣል፤ ሲገባ ያማል፣ አልዋሽዎትም።
የራስ ደም ደግሞ ኪስ ይጠይቃል፣ ትዕግሥትም።»
«ከሦስቱ የትኛው ይበልጣል?» አልሁት፤
ስሙን መጥራቴ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።
እስክሪብቶውን ነከሰ፤ ያኔም እንዲሁ ነበር።
«በስንተኛው ወር?» አለ።

ወረቀቱን ቀማሁት። በግራ እጄ
አግድም ወር፣ ሽቅብ ሕመም።
እሱ እየነገረኝ እኔ አሰመርሁ፦
ስቴሮይዱ ከጎሃ ወደ ፒያሳ እንደሚወርድ ባጃጅ
ፍሬን በጥሶ ወረደ፤
ታች ደርሶ ደከመውና ትንሽ መልሶ አቀና።
የደሙ፣ ቁልቁለት የማይመስል ቁልቁለት፣
ሽማግሌ በከዘራ የሚወርደው።
የጨው ውኃው በመሐል።
አራተኛውን ሳልጠይቀው ጨመረ፤
ምንም ያልተወጋ፣
እጁን ግድግዳ ለግድግዳ ሲያስድህ የከረመ ሰው።
ዓመቱ ላይ አራቱም ሊነካኩ ደረሱ።
«ብዙ ጊዜ» አለ ቶሎ፣ «ሁልጊዜ አላልሁም።»
(ያኔ ነጥብ የሚጥለው «ሁልጊዜ» እያለ ነበር።)

«ታዲያ መርፌው ምን ገዛልኝ?»
«እንቅልፍ» አለ። «የጥቂት ወር እንቅልፍ።»

የጨው ውኃውን መረጥሁ፣ ጥቂት ስቴሮይድ ጠብ ተደርጎበት።
ሲገባ፣ ከራሳቸው በቀር የሚያካፍላቸው የሌለ
ቁጥሮችን ቆጠርሁ፦ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት…
ሠላሳ አንድ ላይ አንድ ነገር በውስጤ
እንደ አዲስ አቡጀዲ ተተረተረ።
አለቀስሁ።
መርፌውን ነቅሎ ወደ መስኮቱ ዞረ፤
ተማሪ መምህሩ ስታለቅስ ማየት አይወድም።

ሦስት ቀን ስኳሬ አበደ።
በአራተኛው ሌሊት ተኛሁ፤
በቀኝ ጎኔ።

አሁን ማታ ማታ ከጓዳው ግድግዳ ፊት እቆማለሁ።
ጣቶቼ እንደ ሸረሪት ይወጣሉ፤
የደረሱበትን በጠመኔ አሰምራለሁ፣
የልጄን ቁመት ስለካ በኖርሁበት ጎን።
የሰባት ዓመቷን አልፌያለሁ።

ዛሬ ሰኞ ቀኑን ጻፍሁ፣
ከሰሌዳው ወገብ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ።
«ጥር» ስል ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤
«ር»ዋ ወደ ታች ዘመመች።
አትርሳው ከኋላ አየኝ፣ ምንም አላለም፤
ደብተሩን ገልጦ
ቀኑን ገለበጠ።