ሆድ ያልፈጀው

ሠላሳ አንድ ዓመት ከጎኑ ስተኛ
የወፍጮ ድንጋይ ነው የሌሊት ጓደኛ።
ባሌ ፓንሱል ተኝቶ ጥርሱን ሲያፋጭ
ሞረድ ይመስለኛል፣ ብረት ላይ ሲያፏጭ።
ሦስት መንጋጋ ሸረፈ፤ አንዱን ለሁለት ፈለጠው።
ጠዋት ጉንጩን ይዞ «ነፋስ ነው» ይለኛል፤
የጉሪዮንግፖ ነፋስ ጥርስ መስበር መች ያውቃል።

ሰው «ሆድ ይፍጀው» ይላል።
የፓንሱል ሆድ ሰነፍ፣ አልፈጅም ብሎት
ወደ ላይ ቢመልስ መንጋጋው ፈጨለት።
ምን እንደዋጠ ግን አንድ ቀን አልነገረኝ፤
እኔም አልጠየቅሁት፣ የምሰቅለው ነበረኝ፦
ስኩዊድ በየገመዱ፣ የባሕር ቋንጣ፣
ሃያውን ባንድ ዘንግ፣ ፀሐይ ሳትወጣ።

በጥቅምት ልጃችን ፖሃንግ ወሰደችን።
አምስተኛ ፎቅ፣ ነጭ ወንበር፣ ሙዚቃው ለስላሳ፤
ወረፋው ልጃገረድ ብቻ፣ ፊቷ እንዲሳሳ።
መሀላቸው ፓንሱል፣ ቁጥር አሥራ ሰባት፣
ኮፍያው ጉልበቱ ላይ፣ እንደ ሙሽራ አባት።
አንዷ ጠየቀችው፦ «አያት፣ እርስዎም ለማማር?»
«ሚስቴን እንደገና ላገባ ነው» አላት፤ «ዘንድሮ፣ በኅዳር።»
ሳቁ። እሱም ሳቀ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤
ቤቱ ሲቃጠል እንኳ ደጅ ቆሞ ይስቃል።

ዶክተር ያንግ ሃራም የልጅ ልጁን ታክላለች፤
ሁለት ጣት ጉንጩ ላይ አሳርፋ «ይንከሱ» አለች።
ነከሰ። ጡንቻው እንደ ቡጢ ተነሣ፣ ከጆሮው ሥር።
«ይሄ» አለች «ሲሠራ ነው የሚያድር።»
በነጭ እርሳስ ምልክት፣ በቀኝ ሦስት፣ በግራ ሦስት።
መርዝ መሆኑን አልደበቀችንም፦
በተበላሸ ቆርቆሮ ውስጥ የሚወለድ፣ ሰው የሚገድል፣
በጠብታ ሲሆን ግን ጡንቻ የሚያባብል።
«ማፋጨቱን ከሥሩ አይነቅልም፤ ጉልበቱን ይቀንሳል።
አራት ወር ያህል። ከዚያ ይመለሳሉ።»
መርፌው ሲገባ ዓይኑን አላርገበገበ፤
ያ ፊት ስንት ዘመን የብየዳ ፍንጣሪ ጠገበ።

በአሥራ አንደኛው ሌሊት ወፍጮው ቆመ።
ብድግ አልሁ። መዳፌን አፍንጫው ሥር ያዝሁ።
ይተነፍሳል። ተኛሁ። ደግሞ ተነሣሁ።
እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ጆሮዬ ሥራ ፈታ፤
ባሕሩን ሰማሁት፣ ስንት ዓመት እዚያው ሆኖ፣ ያን ለታ።

ቋንጣ ማኘክ አቃተው። በመቀስ ቆረጥሁለት፣
እንደ ክር አድርጌ፣ ሾርባ ነከርሁለት።
«ገንዘብ ከፍዬ ሕፃን ሆንሁ» አለ።
ፊቱ ግን ቀጠነ። ልጅቷ እውነቷን ነው፤ አማረ።

ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ጨረቃ በመስኮት ገብታ
ቀኝ እጁን አየሁት፣ እንደጨበጠ፣ ሳይፈታ፤
መንጋጋው የጣለውን ጣቶቹ ተቀብለዋል።
ከንፈሩ ላላ። ጥርስ ዘግቶት የኖረው በር
ገርበብ ብሎ ሦስት ቃል ወጣው፦
«ዶልሲክ፣ ገመዱን ያዝ።»

ዶልሲክን አውቀዋለሁ።
በሠርጋችን ከበሮ የመታ፣ ግራኝ፣ ቀልደኛ።
በሰባተኛው ወር፣ ኡልሳን፣ ከመርከብ ጎን ወደቀ።
ኩባንያው ለእናቱ አንድ ሣጥን ፖም ላከ።
ፓንሱል ጥርሱን ነክሶ ሬሣውን ተሸከመ፤
ከዚያ ወዲህ እንደነከሰ ነው።
እኔ ነፋስ ነው ስባል እሺ እያልሁ፣ እኔ ስኩዊድ ስቆጥር።

ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ውስጡ ምንም የለም።
እጄን አስገባሁበት።
ያዘው፣ በበያጅ ጉልበት፤ አጥንቴ ሲንቋቋ ሰማሁት።
አላወጣሁትም።

ጎረቤቴ ማልሱን ከደጅ ትጣራለች፤
«ፀሐይ ወጣች እኮ! ስኩዊዱ ገንዳ ውስጥ ነው!» ትላለች።
ይሁን፣ ይቆይ።
ቀጣዩ መርፌ የካቲት ላይ ነው።