ልዋጭ

ደላላው ዋኘው መጣ፣ አዘዞ፣ ጋራዡ በር፣
አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ፣ አንድ ዓይኑ በጎማዬ ዙሪያ ሲዞር።
«ሰጠኝ፣ ስማኝ» አለኝ፣ «ይቺ ኤንትሬ አርጅታለች፤
ዛሬ ጠያቂ አላት፤ ነገ ብረት ናት፣ ትመዘናለች።
አይሱዙ አለኝ፣ ነጭ፣ ሁለት ዓመት የሠራ፤
ሚሊዮን ጨምርና ውሰደው፣ ያለ ጣጣ፣ ያለ ኪሳራ።
ጎንደሬ አሮጌ ይወዳል፤ ግንቡስ ይሁን፣ ትኬት ይቆረጥበታል፤
ያንተን ፊያት ለማየት ግን ማን ሰው ይከፍላል?»

የልዋጭ ልጅ በጠዋት በደጃችን ሲያልፍ፣
አሮጌ ጫማ ወስዶ ሳፋ ሲሰጥ በትርፍ፣
አንድም ቀን አይጠይቅ ጫማው የት እንደ ዋለ፤
«ይህን ያህል» ይላል፣ በቃ፣ ተገላገለ።

ማሬ ደብተር አላት፣ ጥግ ጥጉ የታጠፈ፤
ከሚያዝያ ወዲህ ስንት ብር በፊያቷ እንዳለፈ
ጽፋለች በእርሳስ፦ ቴስታታ፤ ባልስትራ፣ ሁለቴ፤
ፖምፓ፤ የፍሬን ሸራ፤ ኩሽኔታ፣ በብድር፣ ካማቴ።
«በዚህ ብር ልጅ ብናሳድግ» አለች፣ «እስካሁን በተዳረ።»
ዝም አልኩ። ከደብተር ጋር ማን ተከራከረ?

ደብተሩ ላይ ግን ያልገባ ሒሳብ ነበረ፦
ከመተማ ሰሊጥ ጭነን፣ ስፖንዳው እየተወጠረ፣
በሊማሊሞ ጉም ውስጥ እንደ ባልቴት ስታጉረመርም፣
በማርሽ ብቻ ያወረደችኝ፤ አንድ ቀን አልከዳችኝም።

(አንዴ ከድታኛለች። ልዋሽ አልፈልግም። ደባርቅ አፋፍ፣ ሌሊት፤
ሦስት ቀን አስቀምጣኝ፣ ሽንኩርቱ በስብሶ፣ ጅብ መጥቶበት።)

መካኒኩ ጓዴ ጆሮውን ለሞተሯ ደገፈ፤
እንደ ነፍስ አባት ሰማት፤ አንድ ሲጋራ የሚያልቅበት ጊዜ አለፈ።
«ልቧ ገና ነው» አለኝ፣ «ቆርቆሮዋ ነው ያረጀው፤
አይሱዙውም ጥሩ ነው። እኔን የምትጠይቀኝ ለምንድን ነው?»

ረዳቴ ፈንቴ ጎማ ይመታል በመዶሻ፤
ዓይኑ ግን ነጩ ላይ ነው። አይወቀስም፤ በሃያ ሁለት ዓመት
ማን ይመኛል አሮጌ ማረሻ?

ማክሰኞ ለቦሎ ወሰድኳት፣ «ምናለ በወደቀች» ብዬ፤
መርማሪው ይፍረድ እንጂ፣ ሸክሙን ከትከሻዬ ጥዬ።
መብራት፣ አለፈች። ፍሬን፣ አለፈች። ጭስ እንኳ፣ አለፈች።
አዲሱ ወረቀት መስታወቷ ላይ ተለጥፎ፣ እንደ ሙሽራ ኮራች።

ሐሙስ መንጃ ፈቃዴን ላድስ ሄድኩ። ሐኪሟ አንድ ዓይኔን ሸፈነች።
«ክፍቱ በየት በኩል ነው?» ነጭ ግድግዳ ነበር ያየሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት መንገድ ሳይ ኖሬ፣ አንድ ፊደል አጥቼ ቀረሁ።

መኪናዋ አለፈች፤
እኔ ወደቅሁ።

«ወሰንክ?» ይለኛል ዋኘው፣ ሦስተኛ ጊዜ ሲደውል።
«ዓይንም ትለውጣለህ? ስንት ልጨምር?» አልኩት።
ሳቀ፤ የምቀልድ መስሎት ይሆናል።

ዛሬ መሪውን ፈንቴ ይዟል፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ዓመቱ።
እኔ በቀኝ ነኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተቀመጥኩበት ቦታ፤
የወንበሩ ሽቦ ይወጋል። ለካ ይህን ነበር
የሚችሉት እነማሬ፣ እነፈንቴ፣ በዝምታ።
በዚህ በኩል ሌላ ገደል አለ፣ ሌላ ዋርካ፣ ሌላ ቀዬ፤
ከሩቅ ሁሉም ጉም ነው፤ የሞተሯን ድምፅ ብቻ እለያለሁ በጆሮዬ።
«ሁለተኛ» ልለው አፌን ስከፍት፣ ፈንቴ ቀድሞ አስገባ።
እሷም አጉረመረመች፣ እንደ ልማዷ፤ የጭልጋ ዳገት ተገባ።

ለዋኘው እስካሁን «አዎ»ም «አይ»ም አላልኩት።
ትናንት ማታ ግን ማሬ ደብተሯን ገልጣ፣ ከኩሽኔታው ሥር፣
በዚያችው እርሳስ ጻፈች፦
«መነጽር»።