ከዶሮ ማነቂያ የወጣ ብረት

አንጥረኛው ዘለለው፣ ከዶሮ ማነቂያ፣
ቤቱ በፈረሰ ማግስት
ተሸክሞት ወጣ፣ በዩሪያ ማዳበሪያ፣
ያንን የአባቱን ብረት፣ የበሩን መደገፊያ፤
የሕፃን ራስ የሚያህል፣ ጥቁር፣
"ከሰማይ ነው" እየተባለ
በጫማ ሲገፋ ስንት ክረምት የከረመ።

አራት ኪሎ ሲወርድ ረዳቱ፣ "ዕቃው ይከፈልበት" አለ፤
ተጨቃጨቀ፤ አልከፈለም።

ላቦራቶሪው ውስጥ ትርሲት ፍርፋሪ ቆረጠች፣
ባሕር ማዶ ላከች።
ስምንት ወር።

"ናይትሮጅን ተገኘበት፤ አንዲት ትንፋሽ አይሞላም።
መንታ ነው፣ ጋሼ፦ ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት፤
በስም አንድ፣ በጠባይ አንድ፣
የሚለያቸው ክብደት።"

"ክብደትማ የኔ ሥራ ነው" አለ፣
መዳፉ ሚዛን ሆኖ ተዘረጋ።

"ፀሐይ ቀላሉን ታበዛለች፤
ከሷ በራቀው ብርድ ከባዱ ይበረክታል።
የእርስዎ ብረት ከባዱን ይዟል፤
ከጁፒተር ወዲያ ነው ሰፈሩ፣
ምድር ገና ሳትቆም ነው መቅለጡ።"
"ሰፈሩ አለ?"
"የለም። ብናኙም ተበትኗል።"

ዝም አለ። በመስኮቱ በኩል፣ ከፒያሳ ወዲህ፣
ግሬደር ያጉረመርማል።

"ይኼ አየር" አለች፣ "ከአምስት እጅ አራቱ እሱ ነው፤
ከፊሉ ከቅርብ፣ ከፊሉ ከሩቅ ተፈናቅሎ የመጣ፤
ስበን እንመልሰዋለን እንጂ አንጠቀምበትም።"
ዘለለው ትንፋሹን ያዘ፣
እንደ ወርቅ፣ ሊመዝነው።

ማታ፣ በገላን ታክሲ፣
ማዳበሪያውን ከጎኑ አስቀምጦ
ማንም ሳይጠይቀው
የሁለት ሰው ከፈለ።