የስሕተት ኮርስ

የማዕረግ ኮርስ ነበር፣ ለሁለተኛ ዓመት፣
ከሦስት መቶ ተማሪ ተመርጠን ዐሥራ ሁለት፤
ማክሰኞ ማታ ማታ፣ ሌላው ቢራ ሲጠጣ፣
ግሮኒንገን፣ ቦዩ ዳር፣ ደረጃው ከሚንጣጣ
አሮጌ ቤት ውስጥ።

ዝርዝሩ ላይ «የጊዜ ፍልስፍና» አለ፣ «የባሕር ሕግ» አለ፣
«የአንጎል ካርታ»ም አለ፤ ጣቴ ግን ቀጠለ
ወርዶ ወርዶ እስከ ጥጉ፣ እስከ ሦስት ቃል መስመር፦
«ስሕተት። ዐሥር ሳምንት።» ሌላ የሚል አልነበር።

ፕሮፌሰር ዊርስማ፣ ረጅም የፍሪስላንድ ሴት፣
እጇ የጀልባ ገመድ፣ መነጽሯ በክር የታሰረላት፣
«እዚህ የመጣችሁት» አለች፣ «ስላልወደቃችሁ፤
እንግዲህ አንድ አንድ ስሕተት አምጡ ከየቤታችሁ።
የሰው ስሕተት አልፈልግም፤ የተናደ ድልድይ፣
የሰመጠ መርከብ ይቅር፤ የእናንተውን ልይ።»

በሳምንቱ
ቲይስ እኩልታ አመጣ፣ የመቀነስ ምልክት የጎደለው፤
ፌምከ ባቡር ተሳስታ፣ የእህቷ ሠርግ ያመለጣት ሰው፣
ጀርመን ገብታ ነበር። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ቀጥሎ ተራዬ ነው። የጻፍሁትን ወረቀት አጠፍሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከመጣን አንድ ክረምት።
የሰፈሩ ሐኪም ፊት፣ እናቴና እኔ፣ ሁለት ወንበር ላይ ሁለት፤
አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፣ እግሬ ወለል የማይነካ።
«ምን ሆነች?» ይለኛል። እሷ ግን መስኮቱን ታያለች ለካ፤
«ሆድ ይብሰኛል በይው» አለች፣ «ማታ ማታ፣ ልብስ ሳጥፍ።»
ልብስ ማጠፉን ተውሁት። ለሐኪም ምን ሊተርፍ?
«ሆድ»ን አውቃለሁ፣ «ባሰ»ንም አውቃለሁ፤ ሁለቱን ገጠምሁ፣
እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀና ብዬ፣
«ሆዷን ያማታል፣ እየባሰ ነው» አልሁ።

ሐኪሙ ሆዷን ተጫነ። «እዚህ ጋ? እዚህስ?»
እሷ ዝም ብላ ተኛች፣ ነካክቶ እስኪጨርስ።
እንክብል ታዘዘላት፣ ነጭ፣ ከምግብ በፊት፤
ሦስት ወር ዋጠችው። የምቆጥርላት እኔው ነበርሁ፣ በየጠዋት።
«ጎበዝ!» ብሎ ሐኪሙ ተለጣፊ ኮከብ ሰጠኝ፤
የመጀመሪያው ማዕረጌ ያ ነው።
ማንም አላረመኝ።

መቼ ገባኝ? በዐሥራ ስድስት ዓመቴ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣
አንዲት ሴት በስልክ «ሆድ ባሰኝ» ስትል፣ ሳግ ድምጿን ሲውጥ።
ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ ሄድሁ።
ቤት ስደርስ ልብስ ታጥፍ ነበር።
አብሬያት አጠፍሁ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። «ሆድ» አልኋቸው፣ በሆላንድኛ እየተንተባተብሁ፣
«በእኛ ቋንቋ እህል ብቻ አያድርበትም፤
ቃል ያድርበታል፣ ቂም ያድርበታል፣ ሰውም፤
ሲብሰው ደግሞ እንክብል አይደርስበትም።»
ዊርስማ ጠመኔ ሰጠችኝ። ጻፍሁላቸው፣ ሁለት ፊደል።
ቲይስ ወደ ደብተሩ ቀዳ፣ «ሆ»ን «ሀ» አድርጎ፣ በትልቁ፣ በቀለም እስክስብል።
አየሁት። ላርመው ብዬ ተነሣሁ፤ ተቀመጥሁ።
ውጤት እንደሌለው እያወቅሁ
«ስንት አገኘሁ?» ልል ነበር። ልማድ ነው። አፈርሁ።

ማታውኑ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ፣ ድልድዩ ላይ ንፋስ፣
አሰን ደወልሁላት። ሁሉን ነገርኋት፣ እስከ ኮከቡ ድረስ።
ዝም አለች። ረጅም ዝም። ከወዲያ የውኃ ድምፅ፣ ሳህን፤
ኋላ ሳቅ ብላ፣
«ሆዴም እኮ ያመኝ ነበር» አለች፣ «ያኔ።»

እውነቷን ይሁን፣ ለእኔ ብላ ይሁን፣
ወይ ሁለቱንም በአንድ ቃል አስራ፣
አሁንም አላውቅም።
ኮርሱ ስምንት ሳምንት ይቀረዋል።